አምስት እስማማለሁ

ሬጅስትራሯ የሾፌሩን መዝገብ የከፈተችው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የቀዳችው ሻይ ከዚያ በኋላ እንደተቀዳ ቀዝቅዞ ቀረ።

ቀኑም መቼስ ከቀን ሁሉ ተመርጦ የተሰጣት ይመስላል። በማግስቱ ፍርድ ቤቱ ለሁለት ወር እረፍት ይዘጋል። ይሄ ደግሞ እንደ ሌሎቹ ፍርድ ቤቶች አይደለም፤ የመጨረሻው ነው፤ ከሱ በላይ አቤት የሚባለው ለፈጣሪ ብቻ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ አራት ፍርዶች ይነበባሉ። ሦስቱን አየቻቸው፤ ደህና ናቸው። አራተኛው የአውቶብስ ሾፌሩ ነው። የይግባኝ ማመልከቻው አለ፤ ስድስት ዓመት የፈረደበት የሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ ግልባጭ አለ፤ ከጋራዥ የመጣው የብልሽት ደብተር አለ፤ መጨረሻ ላይ የመስማሚያው ወረቀት አለ።

የመስማሚያ ወረቀት የዚያ ቤት ወግ ነው። አምስቱ ዳኞች በር ዘግተው ይመክራሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ፍርዱን እንዲጽፍ ይመደባል፤ የተጻፈው ረቂቅ ከመስማሚያ ወረቀቱ ጋር ቢሮ ለቢሮ ይዞራል። የጻፈው ዳኛ ከላይ «አዘጋጅ» በሚለው መስመር ላይ ይፈርማል። የቀሩት ከታች «ከተጻፈው ፍርድ ጋር እስማማለሁ» ብለው ይፈርማሉ፤ ያልተስማማ ካለ ምክንያቱን ይጽፋል። መጀመሪያ የሚፈርመው አዲስ የመጣው ዳኛ ነው፤ ታላላቆቹን አይቶ እንዳይከተል ተብሎ። ጥሩ ወግ ነው፤ ያሰበውን ሰው ነፍሱን ይማረው።

በሾፌሩ ወረቀት ላይ አምስት «እስማማለሁ» አለ። አንድም አልጎደለም። «አዘጋጅ» የሚለው መስመር ግን ባዶ ነው። ረቂቅ የሚባል ነገርም የለም።

መጀመሪያ ወድቆ ይሆናል አለች። ጠረጴዛ ሥር ገባች፤ መደርደሪያውን አወረደች፤ ሦስቱን ሌሎች መዝገቦች ገጽ በገጽ ፈተሸች። ኋላ ያቺን ባዶ መስመር እንደገና አየቻትና ቁጭ አለች። አልወደቀም፤ አልተጻፈም። አምስት የተከበሩ ሰዎች፣ ዕድሜያቸውን በችሎት የፈጁ፣ በሌለ ነገር ላይ ተስማምተዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እዚህ ግን አንዲት ሎሚ ለአምስት ሰው ተሰጥታ፣ ሁሉም ጓደኛዬ ይዟታል እያለ ባዶ እጁን እያወዛወዘ ሄዷል።

ከፊርማዎቹ ግርጌ ደግሞ አንድ ማኅተም አለ። «ተሟልቷል፤ ለንባብ ይቅረብ» ይላል፤ ቀኑ ከዛሬ አራት ወር በፊት ነው። የማን ማኅተም እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ማኅተሙ አሁንም መሳቢያዋ ውስጥ ነው ያለው። አየት አድርጋ አለፈችው። ሰው በሌላው ሲናደድ የራሱን ማየት አይወድም።

መዝገቡን በብብቷ ይዛ ስትወጣ የሾፌሩ ሚስት ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ብድግ አለች። ከሁለት ሰዓት ጀምራ እዚያው ናት።

«እትዬ፣ ስምንት ሰዓት ነው አይደል ያሉኝ? እንዳላረፍድ ብዬ ነው።»

«በጠዋት መጥተሽ የምን ማርፈድ ነው!» አለች ሬጅስትራሯ፤ ድምጿ ለራሷም ከበዳት። «ተቀመጪ እህቴ። እጅሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ሴትየዋ የያዘችውን ፌስታል ከፈት አድርጋ አሳየቻት። ጥቁር ጫማ ነው፤ ተወልውሏል፤ ማሰሪያው አዲስ ነው። «ሲገባ ያደረገው አልቆበት ሦስት ዓመቱን በነጠላ ጫማ ነው ያለው። በዚያ እንዴት ይወጣል ብዬ ነው። እሱማ ጉደኛ ነው፤ ቀን ተቆረጠ ብዬ በነገርኩት ማግስት ፍራሹንም ብርድ ልብሱንም ለጓደኞቹ አደለ። ይኸው ሦስት ቀኑ በባዶ ሲሚንቶ ሲያድር። ባይፈቱህስ ብለው፣ አምስት ዳኛ አንብቦ ፈርሞበት እንዴት አይፈቱኝም ይላል።»

«አምስት ዳኛ አንብቦ ማን አለው?»

«እርስዎ ነዋ እትዬ፤ ለኔ ነገሩኝ፣ እኔ ለሱ ነገርኩት።»

ሬጅስትራሯ ደረጃውን ወጣች።

መጀመሪያ ያገኘችው መንትዮቹን ነው። መንትዮች አይደሉም፤ ዝምድናም የላቸውም፤ ስሙን ያወጣችላቸው እሷ ናት። አንድ ቢሮ ይጋራሉ፣ በአንድ መኪና ይመጣሉ፣ አንድ ሐኪም ያያቸዋል፣ አንዱ ሲያስል ሌላው ጉሮሮውን ይጠርጋል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን በሐሳብ ተለያይተው አያውቁም።

«የሾፌሩ? እሱማ ተጽፏል» አለ አንደኛው።

«ተጽፏል፤ ፈርመንበታል» አለ ሁለተኛው።

«ማን ጻፈው፣ ክቡር ዳኛ?»

ተያዩ። «አንተ አልነበርክም እንዴ?»

«እኔ? አይቼው ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«ታዲያ ምን አይተው ፈረሙ?» አለች ሬጅስትራሯ።

«የሱን ፊርማ» አሉ ሁለቱም፣ አንዱ ወደ ሌላው እየጠቆመ።

በሩን ቀስ ብላ ለመዝጋት ሞክራ ነበር፤ እጇ እምቢ አላትና ድርግም ብሎ ተዘጋ።

ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ ጋ ገባች። ይሄኛው ዳኛ ስሙን ያገኘው የሰው ረቂቅ ሁሉ በእጁ ሲያልፍ በቀይ እስክሪብቶ ነጠላ ሰረዝ ጨምሮ ስለሚመልስ ነው። አንድ ጊዜ የቢሮ ጽዳት ማስታወቂያን ሳይቀር አርሞ ግድግዳው ላይ መልሶ ለጥፎታል። ወረቀቱን ተቀብሎ መነጽሩን አስተካክሎ አየው፣ አየው።

«ቀኑ በቁጥር ነው የተጻፈው» አለ። «በፊደል መሆን ነበረበት።»

«ክቡር ዳኛ፣ ፍርዱ እኮ የለም!»

«እሱንም አይቻለሁ።»

«ነጠላ ሰረዝ ሲጎድል የሚያዩት ሰው፣ ፍርዱ በሙሉ ሲጎድል እንዴት አላዩም?»

ይሄን ማለቷን ሰምታ ራሷ ደነገጠች። ዳኛው ግን አልጮኸባትም፤ ቀና ብሎ ተቀመጠ። «ሌሎቹ ፈርመውበታል። የፈረመ ሰው አንብቧል ብሎ ማመን የሥራ ባልደረባን ማክበር ነው።»

ሰብሳቢው ዳኛ ለእረፍቱ መጻሕፍቱን ካርቶን ውስጥ እየከተተ ነበር። በሰውነቱ ግዙፍ፣ በንግግሩ ለስላሳ፣ በሥራው ደግሞ ነገ የሚባል ቀን የተፈጠረለት ሰው ነው። ሁሉን አዳመጣትና ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«እኔ እኮ መድቤያለሁ። የመከርን ዕለት፣ ይሄን አንተ ያዘው ብያለሁ።»

«አንተ የተባለው ማነው?»

ሰብሳቢው አሰበ። ሬጅስትራሯ ማሰቡን ስታይ ነገሩ ገባት። ይሄ ሰው ቢሮው ውስጥም ሥራ ሲመድብ ዓይኑ የሚያማስለው ሻይ ላይ ነው፤ የሰው ስም አይጠራም፤ ማንኪያውን ብቻ ወደ ሆነ አቅጣጫ ያወዛውዛል። ሦስቱ ወንድ ዳኞች ደግሞ ሲመክሩ በአንድ በኩል ተደርድረው እንደሚቀመጡ ሰምታለች። ማንኪያው ወደ ማን እንደነበረ ሻዩ ይመስክር።

«ወደ... ወደዚያ ጋ ነበር» አለ በእጁ ወደ መስኮቱ እያሳየ። ከዚያ ፈገግ አለ። «ምንም አይደል። ከእረፍት መልስ እናየዋለን። ሁለት ወር ምን አላት?»

«ሰውየው ፍራሹን ሰጥቷል።»

«የምን ፍራሽ?»

«የሚተኛበትን ፍራሽ! ዛሬ ይነበባል ስላልነው ፍራሹን ለሰው ሰጥቶ ሲሚንቶ ላይ ነው የሚያድረው። ሁለት ወር ሲሚንቶ ላይ ይተኛ? ሚስቱ ታች ጫማ ይዛ ተቀምጣለች። ወርደው ይንገሯት፤ እኔ አልነግራትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነገርኩ፤ በቃኝ!»

ሰብሳቢው ዳኛ ታች ወርዶ ለባለጉዳይ ነግሮ አያውቅም። የያዘውን መጽሐፍ ከካርቶኑ መልሶ አወጣና «ጥሪያቸው» አለ።

የምክሩ ክፍል ረጅም ጠረጴዛ፣ አምስት ወንበርና አንድ የግድግዳ ሰዓት ብቻ ያለበት ክፍል ነው። ከዳኛ በቀር ማንም አይገባበትም፤ ቃለ ጉባኤም አይያዝበትም። ሬጅስትራሯ ከበሩ አልፋ አታውቅም። ያን ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አምስቱንም ምሳቸውን አስትታ አስገባቻቸውና ተከትላ ገባች። ማንም ምነው አላላትም፤ ፊቷን አይተው ይሆናል።

አምስተኛዋ ዳኛ አዲሷ ናት። ገና ዘጠኝ ወሯ ነው፤ ወንበሯ በሩ አጠገብ ነው። ወረቀቱን ስታይ ፊቷ ቀላ። «መጀመሪያ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለች። «በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው የመጣልኝ። ረቂቁ የታል ብዬ መጠየቅ አፈርኩ። በምክሩ ላይ በተባለው ተስማምተሽ ፈርሚ የተባልኩ መሰለኝ።»

«እኛ ደግሞ አዲሷ ከፈረመች ተጽፏል ማለት ነው አልን» አለ አንደኛው መንትያ።

«መቼስ አንዴ ሆኗል» አለ ሰብሳቢው። «ሐሳቡን እናውቀዋለን፤ የቀረው መጻፍ ብቻ ነው። ይግባኙን ተቀብለን ሰውየውን በነጻ አሰናብተናል።»

«እንዴት ተደርጎ?» አለ ነጠላ ሰረዝ። «አጽንተናል እንጂ!»

«አጽንተናል» አለ አንደኛው መንትያ።

«አሰናብተናል» አለ ሁለተኛው። ከዚያ ሁለቱ መንትዮች ቀስ ብለው ዞረው ተያዩ፤ ቤታቸው ሌባ የገባባቸው ነው የሚመስሉት።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ስምንት ወር ሙሉ በአንድ ድምፅ ወሰንን ብለው የተቀመጡ ሰዎች፣ የወሰኑት አንድ ነገር እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገና ገባቸው። ታዲያ ገብቷቸው ወደ ሥራቸው ተመለሱ? የለም። ማን ምን እንዳለ፣ ማን ማንን እንዳቋረጠ፣ ማን ሻይ ሊያስጨምር እንደወጣ ሃያ አምስት ደቂቃ ተከራከሩ። ሬጅስትራሯ ሰዓቱን ታያለች። የወህኒ ቤቱ በር የመፍቻ ትእዛዝ የሚቀበለው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው።

«ለመሆኑ» አለ ሰብሳቢው፣ ጥፋቱ ከክፍሉ የሚወጣበት ቀዳዳ ያገኘ መስሎት፣ «ይሄን ባዶ ወረቀት ተሟልቷል ብሎ ማኅተም የመታበት ማነው?»

አምስቱም ወደ እሷ ዞሩ።

«እኔ ነኝ» አለች ሬጅስትራሯ። «ፊርማ ቆጠርኩ። አምስት ሲሞላ መታሁ። መዝገቡን አልከፈትኩትም።»

«ስለዚህ ስድስት ነን» አለች አዲሷ ዳኛ። የብልሽት ደብተሩን ከመዝገቡ ውስጥ አወጣችና ማንንም ሳታስፈቅድ ማንበብ ጀመረች። «ገጽ አርባ አንድ። "ፍሬን ሲረገጥ ወደ ግራ ይጎትታል፤ ይታይልኝ።" የሾፌሩ ፊርማ። ከሥሩ የጋራዡ ኃላፊ፣ "ታይቷል።" ከሦስት ቀን በኋላ፣ "አሁንም ይጎትታል።" "ታይቷል።" ከአምስት ቀን በኋላ፣ "ፍሬኑ በደንብ አይዝም፤ የምጭነው ሰው ነው።" "ታይቷል።" በማግስቱ አውቶብሱን መልሰው ሰጡት። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እምቢ አለና ግንብ ገጨ፤ አንዲት ተሳፋሪ ሞተች። ኃላፊው በምስክርነቱ ከመኪናው ሥር አንድም ቀን እንዳልገባ አምኗል። ሌላ መካኒክ ያየው መስሎት ነው የፈረመው።»

«እኮ!» አለ ነጠላ ሰረዝ። «ሦስት ጊዜ በገዛ እጁ ጽፏል። ብልሽቱን ያውቃል። ካወቀ ለምን ነዳ?»

«ታይቷል ስላሉት።»

«ቢሉትስ! ሰው የሚጭን ሰው ራሱ አያረጋግጥም?»

አዲሷ ዳኛ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ክቡር ዳኛ፣ እርስዎ ለምን ፈረሙ?»

«ሌሎቹ ስለፈረሙ...» አለና ቆመ።

«ሾፌሩም ያለው ይሄንኑ ነው» አለች።

ነጠላ ሰረዝ ቀይ እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። «እኔ የገደልኩት ሰው የለም» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበና የራሱን «እስማማለሁ» በቀይ ሰረዘው።

«ጻፊው» አላት አዲሷን። «አንብቤ እፈርማለሁ።»

ጻፈችው። «አዘጋጅ» በሚለው መስመር ላይ ፈረመች። ሬጅስትራሯ ኮምፒዩተሯንና ማተሚያዋን ከነወንበሯ ከቢሮዋ አስመጥታ አጠገቧ ተቀምጣ ታይፕ አደረገች። የተጻፈው ገጽ ገና ከማተሚያው ሲወጣ እየሞቀ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ አምስት ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ጸጥ ብሎ ሲያነብ ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው። ያጸናው መንትያ ሁለት ጊዜ አነበበውና ወደ ጓደኛው ሐሳብ ተመለሰ። ነጠላ ሰረዝ ግን አንዴ በነጠላ ሰረዝ መለሰው፤ ልማድ አይለቅም። ሲያልቅ ሬጅስትራሯ ሰዓቱን አየች፤ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ፊርማ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጅቷል። ስምንት ወር፣ ለአንድ ሰዓት ከሩብ ሥራ። ይሄን ጊዜ መናደድም ደከማት።

ችሎቱ የተሰየመው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰብሳቢው ካባውን ለብሶ፣ ድምፁን አወፍሮ፣ «ይህ ፍርድ ቤት መዝገቡን በጥልቀት መርምሮ» ሲል ሬጅስትራሯ ኮርኒሱን አየች። ፍርዱ ተነበበ። የሾፌሩ ሚስት ፌስታሉን እንዳቀፈች የሚናገረውን አፍ አየች እንጂ የሚለውን አልሰማችም። ሁሉ ሲነሳ ወደ ሬጅስትራሯ ሮጠች።

«እና... ምን ተባለ እትዬ?»

«ተፈቷል።»

ሴትየዋ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ተነሳች፤ መልሳ ተቀመጠች።

ሬጅስትራሯ የመፍቻ ትእዛዙን ጻፈች። ማኅተሙን ከመሳቢያ አውጥታ ከመምታቷ በፊት ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ ስሙን፣ የመዝገብ ቁጥሩን፣ ቀኑን። ከዚያ ከፍርዱ ግልባጭ ጋር ሰጠቻት። ሴትየዋ ግልባጩን አገላበጠችው። ከፊትና ከኋላ ሁለት ገጽ ናት።

«ስምንት ወር ሙሉ ይቺን ነው የጻፉት?»

ለዚህ ጥያቄ ሬጅስትራሯ የተዘጋጀ መልስ አላት። መዝገብ ብዙ ነው፣ ዳኛ ጥቂት ነው፣ ሥራው ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይሄን ከሷ ያልሰማ ባለጉዳይ የለም። አፏ ላይ መጣ፤ ተወችው።

«አይደለም» አለች። «የተጻፈው ዛሬ ከምሳ ሰዓት በኋላ ነው። ወረቀቱ አራት ወር በዳኞቹ ቢሮ ሲዞር ማንም አልጻፈም። ከዚያ ወዲህ ያለው አራት ወር ግን የኔ ነው። ማኅተም መታሁበትና መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። አልከፈትኩትም። ብከፍተው ኖሮ ባልሽ ያኔ ቤቱ ይገባ ነበር።»

ሬጅስትራሯ ጠበቀች፤ ምን እንደምትጠብቅ ባታውቅም ይገባኛል ብላ ጠበቀች። ሴትየዋ ግልባጩንና ትእዛዙን አጠፈችና አንደኛው ጫማ ውስጥ ከተተቻቸው፤ የፌስታሉን አፍ ቋጠረች።

«በሩ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል» አለች። «እርስዎን ለመስደብ ሌላ ቀን እመጣለሁ። ዛሬ ጊዜ የለኝም።»

የደጁን ደረጃ እየሮጠች ወረደች።

በማግስቱ ፍርድ ቤቱ ተዘጋ። ሰብሳቢው ካርቶኑን ይዞ ሄደ፤ መንትዮቹ በአንድ መኪና ሄዱ። ሬጅስትራሯ ግን ሁለት ወሩን ሙሉ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መጥታ የቢሮዋን መስኮት ትከፍታለች። ለንባብ ተዘጋጅተዋል የተባሉትን መዝገቦች ከመደርደሪያ እያወረደች አንድ በአንድ ትገልጣለች። በኮሪደሩ የእግር ኮቴ ስትሰማ ቀና ትላለች።

«ምነው እትዬ» ይላታል ዘበኛው፣ «እረፍት አይደለም እንዴ?»

«አንዲት ባለጉዳይ ቀጥራኛለች» ትለዋለች።